የጭስ ዳኞች

አድሮ የቀዘቀዘ ሞተር ጠዋት ተነስቶ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ቡልቅ ካለ፣ ጭሱ ሳይበተን ሰው ይሰበሰባል። «ቴስታታ ነው!» ይላል አንዱ፣ የሞተሩን የላይ ክዳን ማለቱ ነው። «ፋሻ ጨርሷል፤ ሞተር ይወርዳል» ይላል ሌላው የፒስተኑን ቀለበት እየከሰሰ፣ ወጪውን የሚከፍል ሰው በማይደፍረው ልበ ሙሉነት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ቢባልም የሚሰማ የለም። ሦስተኛው «እስኪ ርገጠው፣ እንየው!» ብሎ ያዛል። አደገኛው እሱ ነው። ሌሊቱን ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት ገንዳ) የወረደው ዘይት ወፍሯል፤ ላይኛው የሞተር ክፍል በወጉ ሳይደርሰው ነዳጅ መርገጥ ብረትን ከብረት ማፋጨት ነው።

ችሎቱ ሳያልቅ ተከሳሹ ይጠፋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል፤ ማርሚታው እስኪሞቅ ድረስ እንፋሎቱ እየቀዘቀዘ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ጠብታም ያወርዳል። ስስ ነው፣ ቶሎ ይበተናል፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ቴስታታ የፈረደው ሰውዬ በዚህ ጊዜ ስለ ጎማ ማውራት ይጀምራል።

ሞተሩ ሞቆም የማይተው፣ ወፍሮ አየር ላይ የሚንሳፈፍና ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ ግን ሌላ ነው። ኩላንት፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ እየተቃጠለ ይሆናል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የኩላንቱ ልክ ላይ ምልክት ተደርጎ ለጥቂት ቀናት ይታያል፤ እየቀነሰ ውጭ የሚያንጠባጥብበት ከሌለ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተር ክዳን የሚከፍት ጎረቤት ካለ በትህትና ከአካባቢው ይራቅ። በዘይት ክዳን ስር የሚታየው ወተት መሳይ ነገርም ብቻውን አያስፈርድም፤ ቅርብ ለቅርብ ብቻ የሚነዳ ጤነኛ መኪናም ያወጣዋል።

ክርክሩ የሚደምቀው ጭሱ ሰማያዊ ሲሆን ነው። ሰማያዊ ማለት ዘይት ነው፤ ጥያቄው በየት ገባ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ቡፍ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (ዘይት የሚያግዱት ላስቲኮች) ደርቀው ሌሊት ዘይት በቫልቩ ግንድ ዳር ነዳጁ ወደሚቃጠልበት ሲሊንደር ሾልኮ አድሯል። ሳያቋርጥ እየጨሰ ሲረገጥ የሚብስ ከሆነ ፋሻ ነው፤ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው መኪና ደግሞ ተርቦውም ይጠረጠራል። በቤንዚን ሞተር መለያው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ይሞቃል፣ ነዳጅና እሳት ይቋረጣል፣ እሳት የሚረጩት ካንዴላዎች ሁሉ ይወጣሉ፣ ነዳጁ እስከ ጥግ ተረግጦ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) እየዞረ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደሩ ግፊት፣ ይለካል። ልኬቱ ያነሰው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካል። ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻ ወይም የሲሊንደር ግድግዳ ነው፤ ካላለ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን። «ዓይኔ እያየ ምን መለኪያ አስፈለገ!» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይታጣም።

ጥቁሩ ብዙ አያከራክርም፤ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። የአየር ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ አለዚያም ሞተሩ ሞቆ ሳለ «አልሞቀም» እያለ የሚዋሽ የሙቀት ሴንሰር።

የናፍታ መኪና ጠዋት ጠዋት ዓይን የሚቆጠቁጥ ነጭ ጭስ ካወጣና ከተንቀጠቀጠ፣ ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍታ ነው። በመጀመሪያ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ተጠብቆ ይነሳ። ካልተሻለው ሽቦው ከማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይነቀልና አንድ በአንድ በኦሚሜትር (በኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ይለኩ፤ ጤነኛው አንድ ኦም አካባቢ ያነባል፣ የተቃጠለው መስመሩ ተቆርጦ ምንም አያሳልፍም። ለተሰበሰበው ሰው ግን ኦሚሜትር አይጥመውም፤ የግማሽ ሰዓት ክርክር በአንድ ቁጥር ይዘጋበታል።