ሞአዮቹ ጭንቅላት ብቻ አይደሉም

በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የፋሲካ ደሴትን ለጎብኚ ያስተዋወቅክበትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ አየሩ ያልከው ልክ ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ ይሞቃል። “ሐውልቶቹ ግዙፍ ጭንቅላቶች ናቸው” ያልከው ግን ስህተት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል።

ሞአይ የሚባሉት እነዚህ የደሴቱ የድንጋይ ሐውልቶች ገላ አላቸው። አብዛኞቹ እግር ባይኖራቸውም ደረታቸው፣ እጃቸው፣ ሆዳቸው ተቀርጿል። ስህተቱን ያመጡት የራኖ ራራኩ ፎቶዎች ናቸው። ቦታው ሐውልቶቹ የተፈለፈሉበት እሳተ ገሞራ ነው። እዚያ የቀሩትን ከዳገቱ የታጠበ አፈር ቀስ በቀስ እስከ ትከሻና አንገታቸው ቀበራቸው። ሲቆፈር ገላቸው ወጣ፤ አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ቅርጻ ቅርጽ ጭምር ተገኘ። አፈሩ ከዝናብና ከነፋስ ስለጠበቀው አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ለጎብኚ ቶንጋሪኪ የሚባለውን የደሴቱን ቦታ ጠቁምለት። 15 ሞአዮች ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ ቁመናቸው እዚያ በደንብ ይታያል። ድሮ ወድቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ሱናሚ በታተናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው መልሰው ያቆሟቸው።

የደሴቱን ስምም ብታብራራው ጥሩ ነው። “ፋሲካ” ያሉት የኔዘርላንድ መርከበኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1722 በፋሲካ ዕለት ስለደረሱ። ነዋሪዎቹ ራፓ ኑይ ይሉታል።