እርማት፦ ኪቦርዱን የገደለው አቧራችን ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «የማክቡክ ኪቦርድ የሚበላሸው በኮምቦልቻ አቧራ ነው፤ ደሴ ብትሆን አይነካህም» ብለሃል። ፒያሳ ያሉ ጠጋኞችም ይህንኑ ሲሉ እሰማለሁ። አቧራው እውነት ነው። ግን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ሐረጎን ያላየ፣ ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰውም በዚሁ ኪቦርድ ተማሯል።

ነገሩ ከንድፉ ነው። የማክቡክ ሠሪው አፕል በ2015 እ.ኤ.አ. ላፕቶፕ ለማሳሳት ብሎ «ቢራቢሮ» የሚባለውን የቁልፍ ስልት አመጣ። ቁልፉ የሚወርድበት ክፍተት በጣም ትንሽ ስለሆነ አንዲት ፍርፋሪ ከገባች ወይ ይነክሳል፣ ወይ አንዱን ፊደል ሁለቴ ይጽፋል። ደንበኛው እየጮኸ ነፃ ጥገና የተፈቀደው በሰኔ 2018 ነው፤ ያኔም «ጥቂት ኪቦርዶች ናቸው» ተባለ። አፕል በ2019 መጨረሻ ወደ ቀድሞው ስልት መመለስ ጀመረ። በ2022 ደግሞ ጥፋቱን ሳያምን ደንበኞች የመሠረቱበትን ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ፤ ገንዘቡም በሰባት የአሜሪካ ግዛቶች ለገዙ ብቻ። (ለእኛ የደረሰን «በጨርቅ ሸፍነው» የሚል ምክር ነው።)

ከ2016 እስከ 2019 የወጣ ያገለገለ ማክቡክ ፕሮ ልትገዛ ከሆነ፣ ብሩን ሳትቆጥር እያንዳንዱን ቁልፍ ደጋግመህ ምታ። ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ፣ ሲቀየር ሽፋኑም ባትሪውም አብሮ ይቀየራል።