ከፍርድ በፊት የሚመጣው እግድ

እ.ኤ.አ. በ2002 የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ የግሪንፒስ የፈረንሳይ ቅርንጫፍ የነዳጅ ኩባንያውን የኤሶን አርማ ወስዶ ሁለቱን የኤስ ፊደላት በዶላር ምልክት ተካቸውና በድረ ገጹ ላይ አወጣው። ኩባንያው ለትርፉ ሲል የኪዮቶን የአየር ንብረት ስምምነት ይቃወማል የሚለው ትችት በዚያች ትንሽ ለውጥ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተገልጿል። ኤሶ የንግድ ምልክቴ ተጣሰ ብሎ ፓሪስ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ጁላይ 8 ቀን 2002 ጊዜያዊ እግድ አገኘ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን እግድ የሻረው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2003 ሲሆን፣ የዋናው ጉዳይ ይግባኝ የተወሰነው ደግሞ በ2005 ነው። ግሪንፒስ ረታ፤ ነገር ግን ዘመቻው ትኩስ በነበረበት ጊዜ ከሰባት ወራት በላይ ዋና መልእክቱን እንዳይጠቀም ተከልክሎ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የታገደ ጊዜ ነው። ስለ እነዚህ ክርክሮች ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በመጨረሻ ማን እንደረታ ብቻ ነው። ተቺን ዝም ለማሰኘት ለሚፈልግ ኩባንያ ግን የመጨረሻው ፍርድ ያን ያህል አስፈላጊ አይደለም፤ የሕዝብ ትኩረት እስኪያልፍ ድረስ የሚቆይ እግድ ይበቃዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ድል ለዘመቻው የሚመልስለት ነገር ጥቂት ነው።

የንግድ ምልክት ጥበቃ ዋና ዓላማ ገዢው የአንዱን ዕቃ የሌላው መስሎት እንዳይታለል ማድረግ ነው። የዶላር ምልክት የገባበትን አርማ አይቶ ይህ የኤሶ ማስታወቂያ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ኩባንያዎች ወደ ሌላ መከራከሪያ ይዞራሉ፦ ምልክታችን ስሙ ጎደፈ ይላሉ። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ማንኛውም እውነተኛ ትችት የተተቺውን ስም ማጉደፉ አይቀርምና።

ለዚህ መከራከሪያ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ነው። ላፍ ኢት ኦፍ የተባለ አነስተኛ ድርጅት የካርሊንግ ብላክ ሌብልን የቢራ ምልክት ለውጦ «የጥቁር ጉልበት፣ የነጭ ጸጸት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ በማስገባትና ብዝበዛው የአውሮፓ ሰፋሪዎች ኬፕ ከደረሱበት ከ1652 ጀምሮ የዘለቀ መሆኑን በመግለጽ ቲሸርት ላይ አትሞ ይሸጥ ነበር። የምልክቱ ባለቤት ሳብማርክ ኢንተርናሽናል ከሰሰ፤ በኬፕ ታውን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በይግባኝም አሸነፈ። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ግን ሜይ 27 ቀን 2005 ውሳኔውን በአንድ ድምፅ ሻረው። ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ በጻፉት ፍርድ መሠረት፣ ሐሳብን በነጻነት የመግለጽ መብትን ለመገደብ የሚጠይቅ ባለምልክት መልእክቱ እንዳስከፋው መናገሩ አይበቃውም፤ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ጉዳት ሊደርስበት እንደሚችል በማስረጃ ማሳየት አለበት። ኩባንያው እንዲህ ያለ ማስረጃ አላቀረበም። ቲሸርቱ ለሽያጭ የቀረበ መሆኑም የትችትነት ባሕርዩን አላሳጣውም፤ ገንዘብ የተገኘበት ሐሳብ ሁሉ ንግድ ብቻ ነው ቢባል ኖሮ ጋዜጣም መጽሐፍም ጥበቃ ባጡ ነበር።

ፍጥነትስ ይቻላል ወይ ለሚል፣ የአውስትራሊያው ጉዳይ ይቻላል ይላል። ግሪንፒስ በሜይ 2021 ኤጂኤል የተባለውን የኤሌክትሪክና የጋዝ ኩባንያ የአገሪቱ ትልቁ የአየር ንብረት በካይ ነው በማለት፣ አርማውን «የአውስትራሊያ ትልቁ ዕዳ» ከሚል ትርጉም ካለው ሐረግ ጋር በኢንተርኔት ማስታወቂያዎችና በማኅበራዊ ሚዲያ አሰራጨ። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ዳኛ ስቴፈን በርሊ ጁን 8 ቀን፣ ማለትም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ፣ የመጨረሻ ፍርድ ሰጡ። የንግድ ምልክት ክሱ ሙሉ በሙሉ ወደቀ። በቅጂ መብት በኩል ግን አብዛኛው አጠቃቀም ለምፀትና ለሽሙጥ የተፈቀደ ሆኖ ሲገኝ፣ ጥቂት የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፎች፣ አንዳንድ ፎቶግራፎችና መፈክር የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ከተፈቀደው ውጭ ናቸው ተባለ። ይህን ክፍል የማነሳው ለአክቲቪስቶቹ የማይመች መሆኑን እያወቅሁ ነው፤ ሙሉ ክርክር የሰማ ዳኛ የተፈቀደውን ካልተፈቀደው መለየት እንደሚችል ያሳያልና።

ዛሬ ግን ብዙው ውዝግብ ዳኛ ፊት ከቶ አይደርስም። ኩባንያው ለማኅበራዊ ሚዲያው ቅጽ ይሞላል፣ ምስሉም ይወርዳል። በአሜሪካ በ1998 የወጣው የዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ ምስሉ ለወረደበት ሰው የመቃወሚያ ማስታወቂያ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል፤ ባለመብቱ ክስ ካልመሠረተም ይዘቱ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ይህ ሕግ የንግድ ምልክትን አይመለከትም፤ በዚያ በኩል ተቺው የሚተማመነው በመድረኩ ፈቃድ ብቻ ነው። እነዚሁ መድረኮች በአማርኛ የሚጽፉትንም ስለሚያስተናግዱ ችግሩ የእኛም ነው።

ሐሰተኛ ድረ ገጽ ከፍቶ በኩባንያው ስም ዕቃ የሚሸጥ ወይም ገንዘብ የሚሰበስብ አታላይ ወዲያውኑ ቢታገድ ተቃውሞ የለኝም። ትችትነቱ በግልጽ የሚታይ ምስል ግን በቅሬታ ብቻ መውረድ የለበትም። መድረኮች ገዢ ሊሳሳት እንደሚችል ወይም የኢኮኖሚ ጉዳት እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ ከኩባንያው እስኪቀበሉ ምስሉን ባለበት ያቆዩት፤ ፍርድ ቤቶችም በጊዜያዊ እግድ ፋንታ የተፋጠነ ሙሉ ክርክር ይስሙ፤ እግዱ ያለአግባብ የተሰጠ ሆኖ ሲገኝም ያስወጣው ኩባንያ ተቺው ለጠፋበት ጊዜና ወጪ ካሳ ይክፈል።