ማስተካከያ፦ የአትክልት ተረፈ ምርት ስለማቃጠል

የክረምቱ አትክልት ተነስቶ የጋራ መደቦቻችንን በምናጸዳበት በዚህ ሰሞን፣ ደሴ ውስጥ አንድ መልእክት በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰንብቷል። «ተረፈ ምርቱን በሙሉ ኅዳር 12 ከቆሻሻው ጋር አቃጥሉት፤ አመዱ ኮምፖስትን ይተካል» ይላል።

አይተካም። ቅጠልና አገዳ ሲቃጠል አብዛኛው ናይትሮጅን በጭስ ይሄዳል። አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። አመዱ ውስጥ የሚቀረው በዋናነት ካልሲየምና ፖታሲየም ነው። ይህ በአፈር ሳይንስ መማሪያዎችም፣ በግብርና ኤክስቴንሽን መመሪያዎችም ያለ ነገር ነው። (ኅዳር ሲታጠን እንደሆነ ከ1911ዱ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው፤ ከማዳበሪያ ጋር አይገናኝም።)

ስለዚህ ጤነኛው የጎመን ቅጠልና የባቄላ አገዳ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ። በደሴ ብርድ መበስበሱ ከኮምቦልቻ ስለሚዘገይ፣ ለበልግ የሚፈልግ ሰው አሁኑኑ ይጀምር። መልእክቱ ልክ የሚሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በበሽታ የጠቆረ የድንችና የቲማቲም ግንድ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። እሱን ማቃጠል ወይም ጠለቅ አድርጎ መቅበር ነው።

አመዱን ቀድማችሁ የበተናችሁ አትደንግጡ። አንድ ቦታ የተከመረውን ግን ሳሳ አድርጋችሁ አሰራጩት። እዚያ መደብ ላይ በበልግ ድንች ባትተክሉ ይሻላል፤ አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ ለድንች እከክ በሽታ ይመቻል።