ጋኑን ማን ያጥባል?
ብዙ ነገር ሳይጨመርበት ስለሚጠመቅ «ተፈጥሯዊ» ወይን በወጣው ጽሑፍ ውስጥ «ጣልቃ አለመግባት ማለት ወይኑን ለራሱ መተው ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። በጆርጂያ፣ ካኬቲ ውስጥ የወይን ለቀማ ሲካሄድ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ልፋት የትም አላየሁም። ርካጺቴሊ የሚባለው ነጭ ወይን ከነልጣጩና ከነዘሩ፣ ብዙ ጊዜም ከነዘለላው ዘንግ፣ ክቬቭሪ በሚሉት እስከ አንገቱ በተቀበረ የሸክላ ጋን ውስጥ ይገባል። ፍላቱ ልጣጩን ወደ ላይ ስለሚገፋው በየቀኑ ደጋግሞ በረጅም እንጨት ወደ ታች መድፈቅ ያስፈልጋል፤ ከተዘነጋ ላዩ ይደርቅና ወደ ኮምጣጤነት ይሄዳል። ከዚያ ጋኑ ታሽጎ ወይኑ ከልጣጩ ጋር አምስት ስድስት ወር ይከርማል። ወይኑን ከመበላሸት የሚጠብቀውን ሰልፋይት የተባለ ማቆያ ላለመጨመር የወሰነ ሰው ጋኑን በደንብ ካላጠበ የሚያድነው ነገር የለም! በጽሑፉ ሥር «የዚህ ወይን ቀለም ብርቱካናማ የሆነው ስለተበላሸ ነው» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ አይደለም፤ ቀለሙም፣ ምላስ የሚይዘው ታኒንም የሚመጡት ከልጣጩ ነው። ነጭ ወይንን ከነልጣጩ መጥመቅ የጣሊያኖች አዲስ ፈጠራም አይደለም። በጣሊያኗ ፍሪውሊ ስሙ የገነነው ወይን ጠማቂ ዮሽኮ ግራቭነር ራሱ ጋኖቹን ያስመጣው ከጆርጂያ ነው፤ ዩኔስኮም የክቬቭሪን አሠራር በ2013 እ.ኤ.አ. በቅርስነት የመዘገበው በጆርጂያ ስም ነው። አሮጌዎቹ የወይን ተክሎች ሊጠበቁ ይገባል በሚለው ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ሥሮቻቸው ጥልቅ ስለሆኑ ድርቅን ይችላሉ፤ የሚሰጡት ፍሬ ግን ትንሽ ነው። ገዢው ርካሹን ብቻ ከፈለገ ባለቤቶቹ ነቅለው ብዙ የሚያፈራ አዲስ ተክል ይተክላሉ፤ ስለዚህ የጠርሙሱ ዋጋ ተወደደ ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።