ከድንጋዩ በታች ያለው ብር

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢዬን ድንጋይ ላንጥፍ ያለ ሰው ድንጋዩ ሳይደርስ ምክሩ ይደርስለታል። እኛ ሰፈር፣ ሰባ ደረጃ አካባቢ፣ ምክሩ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ አይጠየቅበትም እንጂ ከድንጋዩ ይከብዳል።

አንዱ የአምቦ ድንጋይ ይላል። መልኩ ያምራል፣ ለጠራቢም ይገራል፤ ግን ውሃም ዘይትም ይጠጣል፤ የመጀመሪያዋ የዶሮ ወጥ ጠብታ ታሪክ ሆና ትቀራለች። ሌላው ጥቁሩን ይላል፤ ለኮብልስቶን የሚጠረበውን ባዛልት። እሱ ጠንካራ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አያረጅም፤ ፀሐይ ሲመታው ግን በባዶ እግር አያስረግጥም። የጎን ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። በርበሬ ማስጫ ያስቸገራቸው ሴት ናቸው። «ጥቁሩን አድርገው ልጄ፣ ጥቁሩ ይባረካል» አሉ። ጥቁሩ ሆነ።

ከዚያ ቁፋሮ መጣ። የከተማችን አፈር ብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ የተቀመጠውንም አብሮ ያስጨፍራል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ይወጣል፣ ገረጋንቲ ይገባል፣ ውሃ እየተረጨ በየንብርብሩ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር አሸዋ ይለብሳል። ድንጋዩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሥራው አይከብድም፤ የሚከብደው መሬት ውስጥ ለሚቀበር ነገር ብር መቁጠር ነው። ሰው ተበድሮም ቢሆን የሳሎኑን ኮርኒስ በጂፕሰም ያሠራል፤ እንግዳ ቀና ብሎ ያየዋላ! ገረጋንቲን ማን ያየዋል? የትኛው አማች ነው ጎንበስ ብሎ «አቤት ጥቅጠቃ!» የሚለው?

ግንበኛዬም የአገሩን ጠባይ ያውቃል። «ጋሼ፣ እንዲሁ በላዩ እናንጥፈው፤ አይታይም እኮ!» አለኝ። ውሃ ልክ የት አለ ስለውማ ጭራሽ ተቀየመ። «አክሱምን ያቆሙት አባቶቻችን ውሃ ልክ ነበራቸው?» አለ። የሁሉ ታላቅ የሆነው፣ 33 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት እስከ ዛሬ ወድቆ ተሰባብሮ እንደተኛ፣ መሠረቱ አልቻለውም የሚሉ አጥኚዎችም እንዳሉ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እሱን የሠራው ሌላ ግንበኛ ነው» አለኝ።

ውሃ ልክ የፈለግሁት ለማዘንበል ነበር። ድንጋይ የተነጠፈ ግቢ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ከቤት ወደ ውጭ መዝቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል። እኛ ሰፈር ግን ወደ ውጭ ማለት ወደ ጎረቤት ማለት ነው። የላይኛው ተፋሰስ እኔ፣ የታችኛው ተፋሰስ ባለበርበሬዋ ጎረቤቴ። ድርድሩ በቡና ተከፈተ፣ ታዛቢ ተጠራ፣ የፍትሐዊነት ጥያቄም ተነሣ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ውሃው በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ እንዲሄድ፣ በርበሬውም ያለ ኪራይ እንዲሰጣ ስምምነት ተደረሰ።

ቀረ መጋጠሚያው። ግንበኛው በሲሚንቶ ይደፈን አለ፣ እኔ በአሸዋ አልኩ። በአሸዋ የተያዘ ድንጋይ ቢሰምጥ ይነሣል፣ ሥሩ ተስተካክሎ ይመለሳል። በሲሚንቶ የተያዘው ግን መሬቱ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ ለመንቀልም ድጅኖ ይፈልጋል። ዛሬ ተነጥፎ ነገ ለቧንቧ በሚቆፈር መንገድ ላይ ላደገ ሰው ይህ ማስረዳት ባላስፈለገው ነበር። አስፈለገው፤ አልተረዳም።

ክርክሩን የፈቱት የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሥራውን ሊባርኩ ገብተው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙና «ያምራል» አሉ። ቀጥለው «የድንኳኑ ካስማስ የት ይተከላል?» ሲሉ ግንበኛው መዶሻውን አስቀመጠ። ይህንን እኔም አላሰብኩትም። ሽማግሌው በከዘራቸው ከየማዕዘኑ አንዳንድ ድንጋይ እየነኩ «እነዚህን ሲሚንቶ እንዳታስነካቸው፤ በተፈለገ ሰዓት ብድግ የሚሉ ይሁኑ» ብለው አዘዙ። ግንበኛውም «እሺ አባባ» ብሎ ወዲያው አሸዋ መንፋት ጀመረ፤ የእኔ ምህንድስና ያላሳመነውን ሰው ዕድር አሳመነው።

ድንኳኑ ለማን እንደታሰበ ለመጠየቅ እኔ አልደፈርኩም። ባለቤቴ ጠየቀች።

«ኧረ ለሠርግ ነው ልጄ!» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ።