ቆጡ ምጣድ ነው
አሮጌ መጋዘንን ባለ ቆጥ መኖሪያ ቤት ስለማድረግ የተጻፈው ጽሑፍ «ግድግዳና ጣሪያ ስላለ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል» ያለው ላይ አልስማማም። እኛ ደብረ ማርቆስ የአባቴን የእህል መጋዘን ቤት አድርገን ገብተንበታል፤ ብሩን የበላው ያው «አለ» የተባለው ጣሪያ ነው። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ባዶ ቆርቆሮ ሌሊት ያንዘፈዝፍሃል፣ ቀን ደግሞ ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ያ ጽሑፉ ፎቶ ላይ ያማረው ቆጥ ምጣድ ይሆናል፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድበትማ ስልክ ማውራት አይታሰብም። ኮርኒስ አስመታን፣ መስኮት አስቀደድን (መጋዘን መስኮት የለውማ!)። ከላይ አስተያየት ላይ «ልጆቹን ቆጡ ላይ አስተኛለሁ» ያልከው ወንድሜ፣ መጀመሪያ የነቀዝ መድኃኒት ይቀመጥበት የነበረውን ጥግ በደንብ አስጸዳ፣ የደረጃውንም መደገፊያ አትርሳ። እኛ ቆጡን አሁን በርበሬ ነው የምናሰጣበት።